ጀርሙን ትቶ መርዙን ማሳደድ

ጥንቸሏ ደንዝዛ ተኝታለች። ሆዷ በትንሹ ተከፍቷል። ሐኪሙ ከትንሹ አንጀቷ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ለክቶ ከላይም ከታችም በክር ጥብቅ አድርጎ አሰረ። በሁለቱ ቋጠሮዎች መካከል በቀጭን መርፌ ትንሽ ፈሳሽ አስገባ፤ አንጀቱን ወደ ቦታው መልሶ ሆዷን ሰፋ። በማግስቱ ሲከፍተው የታሰረው ክፍል ሊፈነዳ እስኪደርስ ተወጥሮ የሩዝ እጣቢ በመሰለ ውሃ ተሞልቷል። ከአጠገቡ እንዲሁ ታስሮ ምንም መርዝ የሌለው ፈሳሽ የገባበት ክፍል ግን ኩምትር እንዳለ ነው።

ቦታው ካልካታ፣ ዘመኑ 1950ዎቹ ነው (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሐኪሙ ሻምቡ ናት ዴ ይባላል። በቤንጋል ገጠር ተወልዶ በካልካታ ሕክምና ኮሌጅ የተማረ፣ ለንደን ሄዶ በፓቶሎጂ የሦስተኛ ዲግሪውን ይዞ የተመለሰ ሰው ነው። በ1953 ይህንን የጥንቸል አንጀት ዘዴ በሕይወት ባለ የኮሌራ ባክቴሪያ ሞከረውና አንጀቱ በውሃ ሞላ። በ1959 ደግሞ አንድ እርምጃ ጨመረበት። ባክቴሪያው ያደገበትን ፈሳሽ አጥልሎ፣ አንዲት ባክቴሪያ እንዳልቀረችበት አረጋግጦ፣ የጠለለውን ብቻ አስገባ። አሁንም አንጀቱ ሞላ። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣችው ጽሑፉ ሁለት ገጽ አትሞላም፤ የኮሌራን ታሪክ ግን ለሁለት ከፈለችው። ታማሚውን በአንድ ቀን አድርቆ የሚገድለው ባክቴሪያው ራሱ ሳይሆን የሚተፋው መርዝ ኖሯል።

መርዝ ሊኖር እንደሚችል የጠረጠረ ከዴ በፊትም ነበር። ሮበርት ኮክ በ1884 እዚያው ካልካታ ውስጥ ባክቴሪያውን ከለየ በኋላ ይህንኑ ብሏል። ከእሱ በኋላ ግን ለ75 ዓመት ያህል ፈላጊዎቹ መርዙን እንስሳት ቆዳ ሥርና ደም ሥር ውስጥ እየወጉ ጠበቁት፤ የኮሌራ ምልክት የሚመስል ነገር አላዩም። ዴ ያደረገው ነገር ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። በሽታው የአንጀት ከሆነ መርዙንም አንጀት ውስጥ እንፈልገው አለ። ቦታውን አስተካከለ እንጂ የተራቀቀ መሣሪያ አልነበረውም። ይህቺ የቦታ ጉዳይ ከዚያ በኋላ በመጣው የክትባት ታሪክ ውስጥ ደጋግማ ስለምትመለስ አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ለዴ የተገባው ክብር በሕይወቱ ሳለ በወጉ አልደረሰውም። በ1973 ጡረታ ሲወጣ በገዛ አገሩ እንኳ የሚያውቁት ጥቂት ነበሩ። የኖቤል ተሸላሚው ጆሹዋ ሌደርበርግ ለኖቤል ቢያጨውም አልተሰጠውም፤ በ1978 ስቶክሆልም ላይ በኖቤል ፋውንዴሽን ስም በተካሄደ የኮሌራ ጉባኤ ላይ መጋበዙ ከደረሰው ክብር ትልቁ ነበር። ሚያዝያ 1985 ሲሞት፣ እሱ ባገኘው መርዝ ላይ የተመሠረተ ክትባት በጎረቤት አገር ባንግላዴሽ ለአሥር ሺዎች እየተሰጠ ነበር።

መርዙ አንጀት ውስጥ ገብቶ የሚያደርገው ነገር ከዴ ግኝት በኋላ በነበሩት ሃያ ዓመታት ተፈታ። በ1969 አሜሪካዊው ሪቻርድ ፊንከልስታይንና የሥራ ባልደረባው መርዙን አጣርተው ለብቻው አወጡት። ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ቀለበት ሠርተው የተያያዙ አምስት ተመሳሳይ ፕሮቲኖች ሲሆን "ቢ" ይባላል። ከቀለበቱ ላይ የተቀመጠው ሁለተኛው "ኤ" ነው። ቢ ራሱ ጉዳት የለውም፤ ሥራው የአንጀት ሴሎች ላይ ያለችውን ጂ.ኤም.1 የተባለች የስብና የስኳር ውህድ ፈልጎ መያዝ ብቻ ነው። ከያዘ በኋላ ኤ ወደ ሴሉ ውስጥ ይዘልቅና ሴሉ ጨው ወደ ውጭ የሚለቅበትን መቆጣጠሪያ ክፍት እንዳለ እንዲቀር ያደርገዋል። ክሎራይድ ይወጣል፣ ሶዲየም ይከተለዋል፣ ውሃም ሁለቱን ይከተላል። አንድ የጸና ታማሚ በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊያጣ ይችላል።

ለዚህ ምን ያህል መርዝ ይበቃል? በባልቲሞር የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፈቃደኛ ሰዎችን ንጹሕ መርዝ አጠጥተው ለክተውታል። አንድ ሚሊ ግራም ለሁለት መቶ ቢካፈል የሚገኘው 5 ማይክሮ ግራም ተቅማጥ ለማስነሣት በቅቷል። 25 ማይክሮ ግራም የጠጣው ሰው ከ20 ሊትር በላይ አስወጣ። አንድም ባክቴሪያ አልነበረበትም። ያንን ፈቃደኛ ሳስብ ለሳይንስ የተከፈለው ክፍያ ሁሌም በገንዘብ እንዳልሆነ ይሰማኛል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ግኝትም አለ። ቀደምት ሐኪሞች ኮሌራ የአንጀትን ሽፋን ይልጠዋል ብለው ያምኑ ነበር። በ1960 በታተመ የባንኮክ ጥናት ከታማሚዎች አንጀት ናሙና ተወስዶ ሲታይ ግን ሽፋኑ ምንም አልሆነም። እንዲያውም ስኳርና ጨው አንድ ላይ ተያይዘው ወደ ሰውነት የሚገቡበት መንገድ መርዙ እየሠራም ሳለ ክፍት ነው። በየጤና ኬላው "ለምለም" እያልን የምናውቀው የኦ.አር.ኤስ ከረጢት የቆመው በዚህች መንገድ ላይ ነው። በ1971 የባንግላዴሽ ስደተኞች በቦንጋኦን ካምፕ በኮሌራ ሲረግፉ፣ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባል ሐኪም በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አልቆበት የስኳርና የጨው ውሃ በበርሜል እየበጠበጠ አጠጣ። ከመቶ ሠላሳ ገደማ የነበረው ሞት ከአራት በታች ወረደ። መርዙን ማወቅ ከክትባቱ በፊት ሕይወት ያዳነው በዚህ በኩል ነው።

የክትባት ሰዎች ግን ሌላ ነገር አይተው ጓጉ። መርዝ ላይ ያነጣጠረ ክትባት አዲስ ሐሳብ አልነበረም። ፈረንሳዊው ጋስቶን ራሞን በ1920ዎቹ የዲፍቴሪያን መርዝ በፎርማሊን አብርዶ መርዝነቱን አጠፋና መልኩን አስቀረው፤ ቶክሶይድ ተባለ። ሰውነት በመልኩ እየተለማመደ እውነተኛው ሲመጣ ይይዘዋል። የመንጋጋ ቆልፍም በዚሁ ዘዴ ተረታ። ዛሬ ጤና ጣቢያ ሄዳ ልጇን የምታስከትብ እናት በፔንታቫለንቱ ውስጥ እነዚህን ሁለት የበረዱ መርዞች እያስወጋች ነው። ታዲያ የኮሌራንም መርዝ በኬሚካል አብርዶ መውጋት ምን ይቸግራል?

በ1974 በባንግላዴሽ ማትላብ ወረዳ ተሞከረ። ደም ውስጥ የፀረ መርዝ መጠን እንደታሰበው ከፍ አለ፤ በሽታውን ግን እምብዛም አልተከላከለም። የተገኘችው ጥቂት ጥበቃም ሳትቆይ ጠፋች።

ምክንያቱ የቦታ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ መርዝ ከቁስሉ ተነሥቶ ነርቭ ለመድረስ በሰውነት ውስጥ መጓዝ ስላለበት ደም ውስጥ ያለ ፀረ እንግዳ አካል መንገድ ላይ ያገኘዋል። የኮሌራ መርዝ ደም ውስጥ ጉዳይ የለውም። ከባክቴሪያው ወጥቶ የአንጀቱን ሽፋን በውስጠኛው ገጽ፣ ምግብ በሚያልፍበት በኩል ይይዛል፤ ሥራውንም እዚያው ጨርሶ ያድራል። ክንድ ላይ ተወግቶ ይህን መጠበቅ ዘበኛውን ሳሎን አስቀምጦ ሌባው ከአጥር ውጭ የውሃ ቆጣሪ ሲፈታ እንደማደር ነው። አንጀት የራሱ ፀረ እንግዳ አካል አለው። አይ.ጂ.ኤ ይባላል፤ በአንጀቱ ግድግዳ ውስጥ ተሠርቶ ወደ ምግብ መተላለፊያው ይለቀቃል። እሱን በብዛት ለመቀስቀስ ክትባቱ መዋጥ አለበት። በዚያው በባንግላዴሽ የተደረገ፣ በ1983 የታተመ ጥናት ይህንን በሌላ በኩል አሳይቷል። በጡት ወተታቸው ውስጥ ኮሌራን የሚቃወም አይ.ጂ.ኤ በብዛት ያለባቸው እናቶች ልጆች ባክቴሪያው ሆዳቸው ቢገባም ብዙውን ጊዜ አልታመሙም።

ይህን መስመር የያዙት በስዊድን ጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ያን ሆልምግሬንና አን-ማሪ ስቬነርሆልም ናቸው። ዘዴያቸው ብልጠት ነበረው። መርዙን አብርደው ከመስጠት ይልቅ ጉዳት የሌለውን ቢ ብቻ ለይተው አወጡ። ቢ ሥራው መጣበቅ ስለሆነ ተውጦ አንጀት ሲደርስ ከሽፋኑ ላይ ራሱ ይለጠፋል፤ የአንጀትን ዘቦች ራሱ ይጠራል። ከእሱ ጋር የተገደሉ የኮሌራ ባክቴሪያዎችን ቀላቀሉ። የጨጓራ አሲድ ቢን ስለሚፈታው አሲዱን የሚያበርድ ዱቄት በውሃ በጥብጠው አብረው ያጠጣሉ።

ማትላብ ዳግመኛ የታሪክ ቦታ ሆነች። ወረዳዋ ወንዝ የከበባት፣ ዝናብ ሲጥል ከመንገድ ይልቅ ውሃ የሚበዛባት ናት። በተቅማጥ የወደቀ ሰው ወደ ሆስፒታሉ የሚመጣው በፈጣን ጀልባ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የጤና ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ ከቀዬው የለቀቀውን ሁሉ ስለሚመዘግቡ በዓለም ላይ የክትባትን ውጤት ለመለካት እንደ እሷ የተመቸ ገጠር ጥቂት ነው። በ1985 መጀመሪያ ከ2 እስከ 15 ዓመት የሆኑ ልጆችና ከዚያ በላይ ያሉ ሴቶች ኩባያ እየያዙ ጠጡ። ከ62 ሺህ በላይ ሰው ሦስቱንም ዙር ጨረሰ። ሲሶው ቢ የተጨመረበትን፣ ሲሶው ቢ የሌለበትን፣ የቀረው ጉዳትም ጥቅምም የሌለውን፣ ኢ. ኮላይ የተባለ የተገደለ የአንጀት ባክቴሪያ ነው የጠጣው። ማን የትኛውን እንደጠጣ አጠጪዎቹም አያውቁም።

ስድስት ወር ሲሞላ ቢ ያለበት ክትባት 85 በመቶ ሲከላከል ቢ የሌለበት 58 ላይ ቆመ። የመርዙ ቁራጭ ሥራዋን ሠርታለች። ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህ ጽሑፍ የድል ታሪክ ይሆን ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ድምሩ ሲሠራ አንደኛው 50፣ ሌላኛው 52 በመቶ ሆኖ ተገናኙ። የፀረ መርዙ ብልጫ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብቻ የነበረ ሲሆን እየቆየ የጠበቃቸው በባክቴሪያው አካል ላይ የተነሣው ፀረ እንግዳ አካል ነው። ትንንሽ ልጆች ላይ ደግሞ ጥበቃው ከትልልቆቹ ቀድሞ ከሰመ።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። ቢ ያለበት ክትባት ዱኮራል ተብሎ በ1991 ስዊድን ውስጥ ፈቃድ አገኘ። በአብዛኛው የሚገዙት ግን ወደ ሞቃት አገር የሚጓዙ የሰሜን ሰዎች ናቸው። አፍሪካ ውስጥም ሠርቷል፤ በ2003 መጨረሻና በ2004 መጀመሪያ በሞዛምቢክ ቤይራ ከተማ ተሰጥቶ 78 በመቶ ተከላክሏል። ዋጋው፣ የሚበጠበጥበት ንጹሕ ውሃና ዱቄቱ ግን ለድሃ አገር ዘመቻ አስቸጋሪ ናቸው። ቬትናሞች ሌላውን መንገድ ያዙ። ከጎተንበርግ ዕውቀቱን ተቀብለው የሃኖይ ሳይንቲስቶች ቢን ተዉትና የተገደለውን ባክቴሪያ ብቻ በርካሽ አመረቱ። ያ ክትባት ተሻሽሎ ሕንድ ውስጥ ሻንኮል፣ ኮሪያ ውስጥ ደግሞ ኢዩቪኮል ሆነ። አሲድ የሚያበርድ ዱቄት አይፈልግም፤ ከብልቃጧ በቀጥታ አፍ ውስጥ ይጨመራል። ዋናው ሙከራ ከ2006 ጀምሮ የተካሄደው የት እንደሆነ ሳነብ ፈገግ ማለቴ አልቀረም። ካልካታ! ወደ 67 ሺህ የሚጠጋ ሰው ክትባቱን ወይም ማነጻጸሪያውን ሁለት ዙር ወሰደ፤ ክትባቱ በአምስት ዓመት ውስጥ 65 በመቶ ተከላከለ። የኮሌራ መርዝ በተገኘባት ከተማ፣ ከመርዙ ቅንጣት የሌለበት ክትባት አሸናፊነቱን አስመሰከረ።

ወደ አገራችን የመጣው ይኸኛው ነው። ኮሌራ በ1970 ሰባተኛው የዓለም ወረርሽኝ አፍሪካ ሲገባ ኢትዮጵያንም ነክቶ አለፈ፤ ከዚያ ወዲህ እየጠፋ እየመጣ ቆይቷል። በጤና መግለጫዎች ለረጅም ጊዜ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ባጭሩ አተት እየተባለ ነበር የሚነገረው። በ2015 ሻሸመኔ ወረዳ ውስጥ ሻንኮል ለሙከራ ዘመቻ ተሰጠ። ነሐሴ 2022 በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ የተነሣው ወረርሽኝ ደግሞ ከወረዳ ወረዳ፣ ከክልል ክልል እየዘለለ ዓመታት ቆየ። የጸበል ቦታ፣ የወቅት ሠራተኞች የሚከትሙበት የእርሻ ካምፕ፣ ስደተኛ የሚሻገርበት ድንበር፣ ድርቅ ጉድጓዱን ያደረቀበት ቀበሌ፣ ሰው ተሰብስቦ ውሃ ያጠረበት ሁሉ ተራ በተራ ተነካ።

የአተት ማቆያ ድንኳን የገባ ሰው ትዕይንቱን ያውቀዋል። በሩ ላይ እጅ በክሎሪን ውሃ፣ ጫማ በክሎሪን በራሰ ምንጣፍ ነው። አልጋው ከመሐሉ የተቀደደ ሸራ ሲሆን ከሥሩ ባልዲ አለ። ነርሷ ባልዲውን በማየት የወጣውን ትለካለች፣ ያንኑ ያህል በደም ሥር ወይም በአፍ ትመልሳለች። ዓይኑ ጎድጉዶ፣ የእጁ ቆዳ ሲቆነጠጥ አልመለስ ብሎ የገባ ጎልማሳ በማግስቱ ተነሥቶ ቡና ሲጠይቅ ይታያል። እዚያ ባልዲ ውስጥ ያለው ውሃ ከላይ የተናገርነው የኤ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ላስገባ። ቢን መተው በሒሳብ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ርካሽና ቀላል ክትባት ባይኖር ኖሮ ሐረና ቡሉቅ የሚደርስ ምንም አይኖርም ነበር። ግን የተተወው ነገር ምን እንደነበረ ማስታወስ ተገቢ ነው። ወረርሽኝ የገባበት ካምፕ የሚፈልገው የሦስት ዓመት አማካይ ሳይሆን የሚቀጥሉትን ስድስት ወራት ነው። የመርዙ ቁራጭ ብልጫዋን ያሳየችው በእነዚያ ወራት ነው። በተጨማሪም የዓለም ክትባት ክምችት እያጠረ ሲሄድ ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ለወረርሽኝ የሚሰጠው ሁለት ዙር ወደ አንድ ዙር ወረደ። አንድ ዙር ዳካ ውስጥ ተሞክሮ በስድስት ወር ውስጥ 40 በመቶ ነው የተከላከለው፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ላይ የረባ ውጤት አልታየም። ሻንኮልን የሚያመርተው ድርጅት በ2023 መጨረሻ ማምረቱን አቆመ። በ2024 የዓለም ጤና ድርጅት ኢዩቪኮል-ኤስ የተባለ ይበልጥ የቀለለ ክትባት አጸደቀና እጥረቱ ትንሽ ተነፈሰ። ማቅለሉ የተገኘው ደግሞ ጥቂት የባክቴሪያ ክፍሎችን በመቀነስ ነው። ጉዞው በሙሉ ወደ መቀነስ መሆኑን ልብ ይሏል።

መርዙ ግን ከሌላ በር ተመልሶ ገብቷል።

ዴ በ1956 ያንኑ የጥንቸል አንጀት ዘዴ በተራ ኢ. ኮላይ ሞክሮት ነበር። ከተቅማጥ ታማሚዎች የተወሰዱ አንዳንድ ዝርያዎች እንደ ኮሌራው አንጀቱን ሞሉት። ጊዜው ሳይደርስ የተነገረ ስለነበር ብዙ ሰው አላስተዋለውም። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ አሜሪካውያን ሐኪሞች ካልካታ ላይ ኮሌራ የመሰለ ግን የኮሌራ ባክቴሪያ የሌለበት ተቅማጥ ሲያክሙ ጥፋተኛው ይኸው ኢ. ኮላይ ሆኖ ተገኘ። የኮሌራን መርዝ የሚመስል፣ ሙቀት የሚያጠፋው መርዝ አለው፤ በአቀነባበሩ 80 በመቶ ገደማ አንድ ናቸው። ስለዚህም የማትላብ ሰዎች የኮሌራውን ቢ ጠጥተው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከዚህ ኢ. ኮላይ ተቅማጥም በ67 በመቶ ተጠበቁ። ማንም ሳያስበው የተገኘ ምርቃት ነበር። ሞሮኮ የሄዱ የፊንላንድ ቱሪስቶችም ተመሳሳይ ጥቅም አገኙ፤ 52 በመቶ።

ይህን ያየ ኩባንያ የኢ. ኮላይን መርዝ እንደ ፕላስተር ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ክትባት አደረገው። በ2008 የታተመው ትንሽ ሙከራ ተስፋ ሰጠ፤ ሜክሲኮና ጓቲማላ የሄዱ ተጓዦች ላይ ጠንካራው ተቅማጥ በሦስት አራተኛ ቀነሰ። ከሁለት ሺህ በላይ ተጓዦችን የያዘው ትልቁ ሙከራ ሲመጣ ግን ውጤቱ 35 በመቶ አካባቢ ሆኖ ከግቡ ሳይደርስ ቀረና ሥራው ተዘጋ። ቆዳ ላይ ተለጥፎ አንጀትን ማስጠበቅ... እንግዲህ የቦታ ጉዳይ ብያለሁ።

ቦታው ሌላም ቅጣት ያመጣል። ይኸው መርዝ ሰውነትን የሚያነቃ ኃይል ስላለው ከሌላ ክትባት ጋር ማነቃቂያ ሆኖ ሊደባለቅ ይችላል። በ2000 መጨረሻ ስዊዘርላንድ ውስጥ በአፍንጫ የሚረጭ የጉንፋን ክትባት ከኢ. ኮላይ መርዝ ጋር ተቀላቅሎ ገበያ ወጣ። ሰዎች ፊታቸው በአንድ በኩል እየተጣመመ ሐኪም ዘንድ መጡ፤ የፊት ነርቭ ሽባነት ነው። ክትባቱ ተሰበሰበ። አንጀት ውስጥ የሚሠራ ነገር አፍንጫ ውስጥ ለነርቭ ቅርብ ሲሆን ሌላ ጠባይ ያወጣል።

አሁን ተስፋ የተጣለበት ኢቲቫክስ የተባለው የሚጠጣ ክትባት ነው። የመነጨው ከእነ ስቬነርሆልም ቤት ነው። የተገደሉ አራት የኢ. ኮላይ ዝርያዎች፣ ከኮሌራና ከኢ. ኮላይ ቢ ተዳቅሎ የተሠራ ቀለበት፣ በተጨማሪም አሜሪካ ውስጥ በቱሌን ዩኒቨርሲቲ መርዝነቱ በሁለት ነጥብ ላይ በጂን ለውጥ የተሰበረ የመርዝ ማነቃቂያ አለው። የባንግላዴሽ ሕፃናት ላይ፣ ስድስት ወር የሆናቸውን ጨምሮ ሲሞከር ይህ የተሰበረ መርዝ የትንንሾቹን የአንጀት ምላሽ አጠናክሮታል። ዛምቢያ ውስጥም ተሞክሯል፤ ጋምቢያ ውስጥም ሕፃናት ላይ በሽታውን መከላከሉ እንዲለካ ተደርጓል። መርዙ ዒላማም መሣሪያም ሆኖ በአንድ ብልቃጥ ውስጥ ሲገባ ማየት ለእኔ የዚህ ታሪክ አስደሳቹ ክፍል ነው።

መሣሪያነቱ ወደ ጨጓራም ወጥቷል። በየቤቱ "ጨጓራዬን" የሚያሰኘው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ቫክ-ኤ የሚባል የራሱ መርዝ አለው፤ ሴሎችን በውስጣቸው አረፋ እያስነሣ ይጎዳል። ይህን መርዝ ከሌሎች ሁለት የባክቴሪያው ፕሮቲኖች ጋር የያዘ ክትባት ተሠርቶ ፈቃደኞች ባክቴሪያውን እያወቁ እንዲጠጡ ተደርጎ ቢፈተን የተከተበውና ያልተከተበው እኩል ተያዘ። ቻይናዎች በሌላ በኩል መጡ። ቫክ-ኤን ትተው ባክቴሪያው አሲድ ውስጥ እንዲኖር የሚረዳውን ኢንዛይም ቁራጭ ከኢ. ኮላይ መርዝ ቢ ጋር አጣበቁ። በጂያንግሱ ክፍለ ሀገር ከ4 ሺህ 400 በላይ ልጆች ላይ ሞከሩት፤ በ2015 በታተመው ውጤት በመጀመሪያው ዓመት 72 በመቶ ገደማ ተከላከለ። የጨጓራውን ባክቴሪያ የመታው የአንጀቱ መርዝ የተሸከመው ጥይት ነው ማለት ይቻላል። ክትባቱ ግን እስካሁን በየፋርማሲው የሚገኝ ነገር አልሆነም፤ እኛም ሦስት ዓይነት መድኃኒት ለሁለት ሳምንት መዋጣችንን ቀጥለናል።

በሀብታም አገር ሆስፒታሎች አረጋውያንን በተቅማጥ የሚያጠቃው ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የተባለ ባክቴሪያ ላይም መርዙን ያነጣጠረው የፋይዘር ክትባት ከ17 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2022 ይፋ በሆነው ውጤት ዋናውን ግብ አልመታም። የሚያስገርመው፣ ከተከተቡት ውስጥ ከታመሙት አንድም ሰው ለዚሁ በሽታ ሕክምና አላስፈለገውም፤ ካልተከተቡት ግን 11 ሰው አስፈልጎታል። ፀረ መርዝ በሽታው እንዳይገባ አይከለክልም፤ ሲገባ ጥርሱን ያወልቀዋል። ለክትባት ፈቃድ ሰጪዎች "ውድቀት" የሆነው ለታማሚው እንዲያ ላይሆን ይችላል፤ ምን እንለካ የሚለው ጥያቄ ራሱ ክርክር ይገባዋል።

የሕፃናት ተቅማጥ ላይ ግን አንድ የከበደ ችግር ቀርቷል። በአፍሪካና በእስያ ሰባት ቦታዎች ተካሂዶ በ2013 የታተመው ትልቅ ጥናት ሕፃናትን ለከባድ ተቅማጥ ከሚዳርጉት አራት ዋና ዋና ምክንያቶች መካከል ኢ. ኮላይን አስገብቶታል፤ ያ ኢ. ኮላይ ግን ሙቀት የማያጠፋውን ሌላ መርዝ የሚያመነጨው ነው። ይህ መርዝ ከ18 ወይም ከ19 አሚኖ አሲድ ብቻ የተሠራ ቅንጣት ነው። በትንሽነቱ የሰውነት ዘቦች አያዩትም፤ ሕፃን ደጋግሞ ታሞበት እንኳ ፀረ እንግዳ አካል አያፈራም። ተመራማሪዎች ከትልቅ ፕሮቲን ጋር አጣብቀው እንዲታይ ሊያደርጉት ይችላሉ። እዚህ ሲደርሱ ሁለተኛው ችግር ይመጣል፤ መርዙ የሰው አንጀት ራሱ የሚያመነጫቸውን ጉዋኒሊንና ዩሮጉዋኒሊን የሚባሉ ሆርሞኖች መስሎ ነው የሚሠራው። ክትባቱ በጣም ከሠራ ሰውነት የገዛ ሆርሞኑን ሊያጠቃ ይችላል። ኖርዌይ በርገንና አሜሪካ ውስጥ ያሉ ቡድኖች አሁን የተጠመዱት በዚህ ነው። ከአሥራ ዘጠኙ አሚኖ አሲዶች አንዷን ወይም ሁለቷን እየቀየሩ፣ መርዝነቱ የጠፋ፣ ሆርሞኑን የማይመስል፣ መርዙን ግን የሚመስል ቅጂ ይፈልጋሉ። የሚፈትኑትም፣ ከሌሎች ዘዴዎች ጎን፣ የእንስሳ አንጀት ውስጥ አስገብተው ውሃ ይሞላ እንደሆነ በማየት ነው።